ባለ ቅኔው ብራውኒንግና የሮማው የግድያ መዝገብ
(ለሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)




አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ፍቅር፣ ስለ ሕይወትና ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ ያሰላሰለ አንድ የውጭ አገር ባለ ቅኔ መርጬ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ ነገሩ ለሕግ ሰው የሚሆን መስሎ አልታየኝም ነበር። ፍቅር ወደ እኛ ዘንድ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሞተ በኋላ ነው፤ በፍቺ ማመልከቻ፣ በቀለብ ክስ፣ አለዚያም በወንጀል መዝገብ ላይ ተጽፎ። ጥቂት ካሰብሁ በኋላ ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ፤ ስለ ፍቅር የደረሰውን ትልቁን ሥራውን ያወጣው ከፍርድ ቤት ወረቀት ውስጥ ነው። ይህም ሰው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊው ሮበርት ብራውኒንግ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ብራውኒንግ የተወለደው በ1812 ነው። በ1840 ያሳተመው «ሶርዴሎ» የተባለው ረዥም ግጥም ፈጽሞ አይገባም ተብሎ ለብዙ ዓመታት መሳለቂያ አደረገው። በጥር 1845 ከእርሱ ይልቅ እጅግ ስመ ጥር ለነበረችው ለባለ ቅኔዋ ለኤልሳቤጥ ባሬት ደብዳቤ ጻፈ። ኤልሳቤጥ በዕድሜ ስድስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ በሽተኛ ስለ ነበረችም ከአባቷ ቤት ብዙ አትወጣም። አባቷ ደግሞ ከልጆቹ መካከል ማንም እንዲያገባ የማይፈቅድ ሰው ነበር። በመስከረም 12 ቀን 1846 ሁለቱ በምስጢር ተጋቡ፤ ሙሽራይቱም ከቤተ ክርስቲያን ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ አንዳች ነገር እንዳልሆነ ሁሉ አንድ ሳምንት ተቀመጠች። ከዚያም አገልጋይዋንና ውሻዋን ጭምር ይዛ ከባሏ ጋር ወደ ኢጣሊያ ሄደች። አባትየው በ1857 እስኪሞት ድረስ ይቅር አላላትም፤ የላከችለትንም ደብዳቤ ሳይከፍት መለሰው።

ይህ አባት ልጁን አልወደዳትም ለማለት አልደፍርም። ይወዳት ነበር፤ ነገር ግን ሰው ርስቱን እንደሚወድ አድርጎ ነበር። ብራውኒንግ በኋላ ስለ ፍቅር ለጻፈው ሁሉ ሥሩ ይህ ይመስለኛል፤ ይኸውም በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች መኖራቸውን፣ ባለቤት ነኝ የሚለውም ሰው ራሱን አፍቃሪ ነኝ ብሎ በቅንነት ሊያምን መቻሉን በራሱ ቤት አይቶታል።

ባልና ሚስቱ በፍሎሬንስ ሲኖሩ፣ በሰኔ 1860 ብራውኒንግ በሳን ሎሬንሶ አደባባይ በገበያ ሲዘዋወር፣ ከአሮጌ ዕቃ መካከል አንድ በብጫ ብራና የተጠረዘ መጽሐፍ አገኘና በአንድ ሊራ ገዛው። መጽሐፉ በሮማ በ1698 ስለ ተፈረደ የነፍስ ግድያ የታተሙ የሁለቱ ወገን የክርክር ጽሑፎችንና ጥቂት ደብዳቤዎችን የያዘ፣ በላቲንና በኢጣሊያንኛ የተጻፈ ነበር። አሁን በኦክስፎርድ በቤሊዮል ኮሌጅ ይገኛል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1861፣ ኤልሳቤጥ በባሏ ክንድ ላይ ዐረፈች። እርሱም ከትንሽ ልጁ ጋር ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ ፍሎሬንስን ዳግመኛ አላያትም። ያ ብጫ መጽሐፍ ግን ከእርሱ ጋር ሄደ። «ቀለበቱና መጽሐፉ» የተባለው፣ ከ21,000 ስንኝ በላይ የሆነው ሥራ ከዚያ ወጥቶ ከኅዳር 1868 እስከ የካቲት 1869 በአራት ቅጽ ታተመ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጊዶ ፍራንቼስኪኒ የተባለ የአሬዞ ከተማ ድኻ መኳንንት በ1693 ፖምፒሊያ የምትባል የ13 ዓመት ልጅ ለጥሎሽ ብሎ አገባ። ቆይቶ ያሳደገቻት ሴት፣ ልጅቱ ከማኅፀኗ የወጣች ሳትሆን ከአንዲት ችግረኛ እናት በገንዘብ የተወሰደች መሆኗን ገለጠች፤ ስለ ጥሎሹም ክርክር ተነሣ። ባልየው ሚስቱን አሠቃያት። በ1697 ጁሴፔ ካፖንሳኪ ከሚባል ወጣት ካህን ጋር ወደ ሮማ ስትሸሽ ባሏ በመንገድ ደረሰባቸውና አስያዛቸው። ፍርድ ቤቱ ካህኑን ወደ ቺቪታቬኪያ ሲያግዘው እርሷን ወደ ገዳም ላካት፤ ነፍሰ ጡር ስለ ነበረች በኋላ ወደ አሳዳጊዎቿ ቤት ተዛወረችና በታኅሣሥ ወንድ ልጅ ወለደች። በጥር 2 ቀን 1698 ሌሊት ጊዶ ከአራት ግብረ አበሮች ጋር መጥቶ ሽማግሌዎቹን ገደለ፤ ፖምፒሊያንም ደጋግሞ ወጋት። እርሷ ግን አራት ቀን ቆየች፤ የምስክርነት ቃሏንም ሰጠች። በሞተች ጊዜ ዕድሜዋ 17 ነበር።

ጊዶ መግደሉን አልካደም፤ ስለ ክብሬ ነው ያደረግሁት አለ። ክርክሩም የጠበበው እኛ ሁላችን በምናውቀው ጥያቄ ላይ ነው፤ ባል ሚስቱን ከሌላ ሰው ጋር አግኝቶ በዚያው ቅጽበት ሳይሆን ከወራት በኋላ አስቦና ተዘጋጅቶ ቢገድል፣ የክብር ምክንያት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላልን? ይህን የጥንት ታሪክ አድርጋችሁ እንዳትሰሙኝ፤ የኢጣሊያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስለ ክብር ለሚፈጸም ግድያ ቅጣትን የሚያቀልለውን አንቀጽ የሰረዘው በ1981 ነው። ጊዶ ተፈረደበት፤ ዝቅተኛ የክህነት ማዕርግ ስለ ነበረው ይግባኙ ለሊቀ ጳጳሱ ለኢኖሰንት 12ኛ ቀረበ፤ እርሱም አልተቀበለውም። በየካቲት 22 ቀን የጊዶ አንገት ተቀላ፤ አራቱ ተሰቀሉ።

እንግዲህ ባለ ቅኔው ምን አደረገ? ታሪኩን እንደ ተራኪ አንድ ጊዜ ብቻ ነግሮን አልተወም። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ክፍል ራሱ ከተናገረ በኋላ፣ በመካከል ያሉትን ዐሥሩን ክፍሎች ለሌሎች አንደበት ሰጣቸው። ግማሹ የሮማ ሕዝብ ባልን ደግፎ ይናገራል፤ ሌላው ግማሽ ሚስትን። ከሁለቱም ወገን አይደለሁም የሚል አንድ ጨዋ ይከተላል፤ እንዲያውም ከሦስቱ ልበ ደረቁ እርሱ ነው። ከዚያ ጊዶ፣ ካፖንሳኪ፣ በሞት አልጋ ላይ ያለችው ፖምፒሊያ፣ ሁለቱ የሕግ ሰዎች፣ ሊቀ ጳጳሱ፣ በመጨረሻም እንደ ገና ጊዶ ይናገራሉ። አንዱ ነገር ዐሥር ጊዜ ይነገራል፤ ዐሥር ጊዜም ሌላ ነገር ይሆናል።

ብራውኒንግ ይህን ስልት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1842 ባወጣው አጭር ግጥም አንድ መስፍን የሞተች ሚስቱን ሥዕል ለእንግዳ ያሳያል። እንግዳው ስለ አዲስ ጋብቻ ሊደራደር የመጣ መልእክተኛ ነው። መስፍኑ ሥዕሉን እያደነቀ፣ ፈገግታዋን ለሁሉ ማደሏን እየወቀሰ ሲናገር፣ ምን እንዳደረጋት እኛ ቀስ በቀስ እንረዳለን። ከሳሽም ምስክርም የለም፤ ያለው ማስረጃ የገዛ ኩራቱ ብቻ ነው።

ቅኔ ለለመደ ጆሮ ይህ ሰምና ወርቅን ያስታውሳል። ልዩነቱ ግን ታላቅ ነው። በእኛ ቅኔ ወርቁን የደበቀው ባለ ቅኔው ራሱ ነው፤ የት እንዳኖረውም ያውቃል። በብራውኒንግ ግጥም ግን ተናጋሪው የገዛ ወርቁን አያውቀውም። ሰምን ብቻ የተናገረ ይመስለዋል፤ ወርቁ ግን ሳያስበው ከአፉ ይወድቃል። ሰው ስለ ራሱ ሲከራከር ከሁሉ ይልቅ ራሱን ይገልጣል የሚለው የዚህ ባለ ቅኔ እምነት ነው፤ በችሎት ዕድሜውን የፈጀ ሰው ይህን አይክድም።

ስለ ሁለቱ የሙያ ወንድሞቻችን ጥቂት ልቆይ። የተከሳሹ ጠበቃ አርካንጄሊ የመከላከያውን ጽሑፍ ሲያረቅቅ እናገኘዋለን፤ ያን ዕለት የልጁ ስምንተኛ የልደት በዓል ነው። እጁ የላቲን ሐረግ ይመርጣል፤ ልቡ የማታው ጉበት በምን ቅመም እንደሚሠራ ያስባል። ልጁን በእውነት ይወዳል፤ ባለ ቅኔው በዚህ አያሾፍም። በዚያ ሁሉ የአባትነት ፍቅር ውስጥ ግን በሁለት ሳምንቱ እናቱን ያጣው የፖምፒሊያ ሕፃን አንዲት ጥግ አላገኘም። ዐቃቤ ሕጉ ቦቲኒ ደግሞ የባሰ ነው። ለሟች ሊከራከር ቆሞ፣ ጠላቶቿ ያሏትን ሁሉ እውነት ነው ብንል እንኳ እንዲህ ቢሆን ምን አለበት እያለ አንድ በአንድ ስለሚቀበል፣ ሲጨርስ ያቺ ንጽሕት ሴት በገዛ ጠበቃዋ አንደበት ጐድፋ ትገኛለች። ቆይቶም አንድ ገዳም ንብረቷን ይገባኛል ሲል ለገዳሙ ወግኖ በስሟ ላይ ይነሣል። ፍርድ ቤቱ ግን በዚያው ዓመት ስሟን አነጻላት።

ይህን ክፍል በተማሪነቴ ሳነብ ስቄ ነበር። ከብዙ ዓመት የጥብቅና ሥራ በኋላ ደግሜ ባነበብሁት ጊዜ ግን ተነሥቼ ከመደርደሪያዬ አንድ ያለቀ መዝገብ አወረድሁ። ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ለተከሰሰ ደንበኛዬ ያዘጋጀሁት የመከላከያ ጽሑፍ ነበር። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ሟች»፣ «ሟች» ይላል። ስሟን ፈልጌ ያገኘሁት ከጽሑፌ ጋር በተያያዘው የአስከሬን ምርመራ ውጤት ላይ ነው። በሕግ ረገድ ስሕተት አልነበረበትም፤ ክርክሩንም ረትቻለሁ።

ባለ ቅኔውንም ያለ ወቀሳ አላልፈውም። የሥራው ስም ቀለበት የተባለው ከአንጥረኛ ጥበብ ነው። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ስለ ሆነ አንጥረኛው ሌላ ማዕድን ደባልቆ ይሠራዋል፤ ቀለበቱ ቅርጽ ከያዘ በኋላ በአሲድ አጥቦ ድብልቁን ከላዩ ያስለቅቀዋል። ወርቁ የመዝገቡ እውነት፣ ድብልቁ የእኔ ምናብ ነው፤ ምናቤንም መልሼ አስለቅቄዋለሁ ይላል። እኔ ግን አልተለቀቀም እላለሁ። በመዝገቡ የሽሽቱ ቀን ኤፕሪል 29 ሲሆን፣ እርሱ ወደ 23 አዛወረው፤ ይኸውም በእንግሊዝ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው። (የእኛም በዓል ሚያዝያ 23 መሆኑ ለዐይናችን ደስ የሚል መገጣጠም ነው።) ካህኑ ዘንዶ ገድሎ ድንግል የሚያድን ፈረሰኛ ይሆን ዘንድ የሰነድ ቀን ተለወጠ። በእኛ ሙያ የዚህን ስም እናውቀዋለን። የመዝገቧ ፖምፒሊያም ከግጥሙ ፖምፒሊያ ይልቅ የምታሻማ ናት፤ ለካህኑ ተጻፉ ስለ ተባሉት ደብዳቤዎች የሰጠችው መልስ ጥያቄ ያስነሣል። ብዙዎች እንደሚሉት ባለ ቅኔው በዚያ ሽሽት ውስጥ የራሱንና የኤልሳቤጥን ጉዞ አይቶ ይሆናል። ፍቅሩ ምስክርነቱን እንዳጐበጠው አምናለሁ። ሆኖም የተሸነፈችውን ሴት ከብዙ ገጽ የክርክር ጭቃ ውስጥ አውጥቶ በራሷ አንደበት ያናገራት እርሱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ወቀሳዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ።

የቀረው የጊዶ ነገር ነው። በመጀመሪያው ንግግሩ በዳኞች ፊት የተዋረደ፣ የተበደለ ባል ሆኖ ስለ ስሙ፣ ስለ ቤቱና ስለ ጥሎሹ በጨዋ ቋንቋ ይናገራል። በሁለተኛው ንግግሩ የሞት ፍርዱ ጸንቶ፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊያናዝዙት በወኅኒ ቤት ከጎኑ ተቀምጠው ሌሊቱን ያድራሉ። አሁን መሸፋፈን የለም። ጥላቻውን ያፈሰዋል፤ የሚስቱ ትዕግሥት እንኳ እንዳስቈጣው፣ ዝም ማለቷ እንደ ስድብ እንደ ተሰማው ይናገራል። ንስሓ አይገባም። ሊነጋ ሲል ግን ሊወስዱት የመጡት ሰዎች ከደጅ ይሰማሉ፤ ያን ጊዜ ያ ሁሉ የቃል ግንብ ይፈርሳል። የሚያድነው ፍለጋ አጠገቡ ያሉትን መነኩሴና ካርዲናል ይጠራል፤ ክርስቶስን፣ ማርያምን፣ እግዚአብሔርን ይጠራል። ማንም አልመለሰለትም። ከሁሉም በኋላ፣ የመጨረሻ ተስፋው አድርጎ፣ እንዳይገድሉት ታስጥለው ዘንድ የጮኸው ወደ ፖምፒሊያ ነው።