በገዳይ መሣቅ



እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ለንደን ላይ አጥፍቶ ጠፊዎች 52 ሰዎች ገደሉ። በ2010 እንግሊዛዊው ክሪስ ሞሪስ እንዲህ ባሉ ሰዎች የሚያላግጥ «ፎር ላየንስ» የተባለ ፊልም አወጣ። በሐዘን ላይ መሣቅ ነውር ነው የምትሉ አትጠፉም፤ ነገር ግን የሚሣቀው በማን ነው? ፋይሰል ቁራ ቦምብ እንዲሸከም ሲያሠለጥን ቆይቶ፣ ራሱ ፈንጂ እንደ ያዘ በበግ ተደናቅፎ ያልቃል። ባሪ ሙስሊሞችን ለማስቆጣት መስጊድ እናፈንዳ ይላል፤ ያውም ለሃይማኖት እሞታለሁ ባዩ! ሊፈራ የፈለገ ሰው እንዲህ ግርማው ይገፈፋል።

ፖሊሶቹም አይቀርላቸውም። አጥፊዎቹ የቀልድ ልብስ ለብሰው የለንደን ማራቶን ሲገቡ፣ ድቡን ምታ የተባለው ተኳሽ ሌላ ንጹሕ ሯጭ ይገድላል፤ ከዚያም የሟቹ ልብስ ድብ ነው አይደለም የሚል ክርክር ይነሣል። ዋጅ የሚባለው የዋህ ግን፣ ጓደኛው ዑመር ስላሳሳተው፣ ግራ እንደ ገባው ይሞታል። እዚያ ላይ እኔም ሣቄን ዋጥሁ።