ከብረቱ ጎን የሚቆሙት
(ለወጣት በጎ ፈቃደኞች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)





ዛሬ የምንነግራችሁ እዚህ በእንግሊዝ ሀገር በየክልሉ ስለሚካሄደው የፓወርሊፍቲንግ ውድድርና በዚያ ውድድር ላይ ያለ አንዳች ክፍያ ስለሚያገለግሉት ሰዎች ነው። «ብረት ማንሳት ጉልበተኞች የሚፎካከሩበት ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሐሳብ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ሊመላለስ እንደሚችል እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ ስንጋበዝ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቀን ነበር። ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ ከመስጠት ይልቅ ሥራው ምን እንደሚመስል ብናስረዳችሁ እንመርጣለን።

ፓወርሊፍቲንግ በኦሎምፒክ ከምናየው የክብደት ማንሳት ይለያል። በኦሎምፒኩ ብረቱ ከመሬት ተነሥቶ ከራስ በላይ ይወጣል። በፓወርሊፍቲንግ ግን ሦስት የማንሳት ዓይነቶች አሉ። የመጀመሪያው ብረቱን በጫንቃ ተሸክሞ ዝቅ ብሎ መነሣት ሲሆን ስኳት ይባላል፤ ሁለተኛው በአግዳሚ ላይ በጀርባ ተኝቶ ብረቱን ወደ ደረት አውርዶ መግፋት ሲሆን ቤንች ፕሬስ ይባላል፤ ሦስተኛው ከመሬት አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም ሲሆን ዴድሊፍት ይባላል። ተወዳዳሪው በእያንዳንዱ ሦስት፣ በድምሩ ዘጠኝ ሙከራ ይሰጠዋል። በሦስቱም ዓይነት የተሳካለት ከፍተኛው ክብደት ተደምሮ ውጤቱ ይሆናል። ከሦስቱ በአንዱ ሦስቱንም ሙከራ ካጣ ግን ድምር የለውም፤ ለወራት የተዘጋጀበት ቀን በዚያው ያበቃል።

የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1972 ሲሆን የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1973 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በሃሪስበርግ ከተማ ተካሄደ። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1980 ነው። እዚህ በእንግሊዝ ስፖርቱን የሚመራው ብሪቲሽ ፓወርሊፍቲንግ ሀገሪቱን በክልል ከፍሎ ያወዳድራል፤ ታላቋ ለንደን፣ ሰሜን ምዕራብ፣ ምዕራብ ሚድላንድስና ሌሎችም የየራሳቸው ውድድር አላቸው። በዓለም ሻምፒዮናና በክልል ውድድር መካከል ያለው ልዩነት ግን የብረቱ ክብደት ብቻ አይደለም። በክልል ውድድር ቴሌቪዥን የለም፣ ሽልማቱም ሜዳልያ እንጂ ገንዘብ አይደለም፤ ዳኛው፣ አስታዋቂው፣ ሒሳብ ያዡ፣ ወንበር ደርዳሪው ሁሉ ከሳምንቱ ሥራ የተረፈችውን አንድ የዕረፍት ቀን የሰጠ ሰው ነው።

አሁን ወደ መድረኩ እንምጣ።

በመድረኩ ላይ ተወዳዳሪው ብቻውን ያለ ይመስላል፤ የተመልካቹም ዓይን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ነገር ግን ደንቡ በማናቸውም ጊዜ ከሁለት ያላነሱ፣ ከአምስት ያልበለጡ ጠባቂዎችና ጫኚዎች በመድረኩ ላይ እንዲኖሩ ያዝዛል። ሁለቱም ሥራ የአንድ ሰው ነው፤ ብረቱን የጫነው ያው ሰው ተወዳዳሪውን ይጠብቃል።

መጫን ቀላል መስሎ ይታያል። ለምሳሌ አስታዋቂው «142.5 ኪሎ» ብሎ ጠራ እንበል። ዘንጉ 20 ኪሎ ነው፤ ዲስኮቹን የሚያጠብቁት ሁለት ማሠሪያዎች እያንዳንዳቸው 2.5 ኪሎ ስለሆኑ ባዶው ብረት ከነማሠሪያው 25 ይሆናል። የቀረው 117.5 ለሁለት ሲካፈል በየጎኑ 58.75 ይደርሳል፤ ይኸውም ሁለት ቀይ ባለ 25፣ አንድ ነጭ ባለ 5፣ ከዚያም 2.5 እና 1.25 ማለት ነው። ከባዱ ዲስክ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዳኞቹ ከተቀመጡበት ሆነው ክብደቱን ማንበብ እንዲችሉም የዲስኮቹ ፊት በሥርዓት ይዞራል። በስኳት ደግሞ የማስቀመጫው ከፍታ እንደየተወዳዳሪው ቁመት ይስተካከላል፤ የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ገና በሚዛን ሰዓት ተመዝግቧል። አንዱን ጎን አራቁቶ ሌላውን ከባድ አድርጎ መተው አይቻልም፤ ብረቱ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ ከአንዱ ተወዳዳሪ ወደ ሌላው በሚተላለፍባት አጭር ጊዜ ያልቃል። «ብረቱ ተጭኗል» ከተባለ በኋላ ተወዳዳሪው ማንሳቱን ለመጀመር ያለው አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

በአንድ ቀን 36 ሰዎች ቢወዳደሩ ሙከራው 324 ይሆናል። ደጉ ነገር በአንድ ዙር ውስጥ ክብደቱ ከፍ እያለ እንጂ ዝቅ እያለ አይሄድም፤ ስለዚህ ጫኚው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ዙሩ ሲያልቅ ግን ሁሉም ወርዶ እንደገና ከታች ይጀመራል። ከሰዓት በኋላ፣ ዴድሊፍት ላይ ሲደረስ፣ የጫኚዎቹን ወገብ ማየት ነው! በዚህ ላይ መጥረግ አለ። ተወዳዳሪዎች ብረቱ በጭናቸው ላይ እንዲንሸራተት የሕፃናት ዱቄት ይቀባሉ፤ ያ ዱቄት መሬት ላይ ከፈሰሰ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ያዳልጣል። ብረቱ የአንዱን ቅልጥም ፍቆ ደም ሲነካውም ተጠርጎ በመድኃኒት ይጸዳል። መጥረጊያውን የሚይዘው ያው ጫኚ ነው።

መጠበቅ ግን ከመጫን ይከብዳል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሥራ አለመንካት ነው።

ተወዳዳሪው በጫንቃው ላይ 180 ኪሎ ተሸክሞ ዝቅ ሲል ከኋላው አንድ፣ በግራና በቀኙም አንድ አንድ ወይም ሁለት ሁለት ሰው አለ። እጃቸው ከብረቱ ሥር በጥቂት ጣት ርቀት ተዘርግቶ አብሮ ይወርዳል፣ አብሮ ይወጣል። በዋናው ዳኛ ምልክቶች መካከል አንዱ ጠባቂ ብረቱን ወይም ሰውየውን ለማገዝ ከነካ ሙከራው አይቆጠርም። ስለዚህ ሰውየው መሀል መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ፊቱ ሲቀላ፣ ብረቱ ለአፍታ ቆም ሲል «ወደቀ» ብሎ መያዝ ማለት ሊወጣው የሚችለውን ነገር ከእጁ መንጠቅ ነው። በሌላ በኩል ብረቱ ወደ ታች መመለስ ከጀመረ በኋላ መዘግየት ጀርባ ይሰብራል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። የግራውና የቀኙ ጠባቂ እኩል መያዝ አለባቸው፤ አንዱ ቀድሞ ቢያነሣ ብረቱ ዘንበል ብሎ የሰውየውን ወገብ ይጠመዝዘዋል። በመሆኑም ጎበዝ ጠባቂዎች ተወዳዳሪውን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ይተያያሉ።

በቤንች ፕሬስ ደግሞ ብረቱ ያለው በሰው ደረትና አንገት ላይ ነው። ተወዳዳሪው ከፈለገ መካከል ላይ የቆመው ጠባቂ ብረቱን ከማስቀመጫው አውጥቶ በተዘረጋ ክንዱ ላይ ያስረክበዋል፤ ካስረከበ በኋላ ወዲያው መራቅ አለበት። ማስረከብና መራቅ በአንድ ትንፋሽ የሚሆን ነገር ነው። በዴድሊፍት ብቻ ጠባቂ አያስፈልግም፤ ብረቱ ከመሬት የተነሣ ስለሆነ ወደ መሬት ይመለሳል።

ባገለገልንበት አንድ ውድድር ይህን በዓይናችን አይተናል። አንድ ወጣት ሁለቱን የስኳት ሙከራዎች በጥልቀት ጉድለት አጥቶ ለሦስተኛው ቀረበ። ይህም ከጠፋ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። በበቂ ሁኔታ ዝቅ ብሎ መነሣት ሲጀምር ብረቱ ለአፍታ ቆመ፤ ከጎን የነበረው ጠባቂ፣ ከማለዳ ጀምሮ ሳይቀመጥ የቆየ ሰው፣ በድንጋጤ ብረቱን ያዘ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ደንቡ ለዚህም መንገድ አለው፤ ተወዳዳሪው በራሱ ጥፋት ሳይሆን በጠባቂ ስሕተት ሙከራውን ካጣ ዳኞቹ በዙሩ መጨረሻ ላይ ሌላ ሙከራ ሊሰጡት ይችላሉ። ሰጡትም። ጠባቂውን ግን ማንም አልገሠጸውም፤ ሥራውን የሚያውቁ ዳኞች በሌላ ሰው ተክተው ውኃ ሰጥተው አስቀመጡት። ወጣቱ ወደ እርሱ ሄዶ እጁን ጨበጠው፤ ከዚያም ተመልሶ ብረቱን አነሣ። ሦስት ነጭ መብራት በራለት።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው፤ ያ ሰው የደከመው ተተኪ ስላልነበረው ነው። በብዙ የክልል ውድድሮች ላይ የሚመጡት ያው አምስት ሰዎች ናቸው። ጠዋት የጫኑት ከሰዓትም ይጭናሉ፤ አንዳንዴ የጠዋቱ ተወዳዳሪ ራሱ መለያውን ሳያወልቅ መጥቶ ይተካቸዋል። በእኛ እምነት ማንም ሰው ሁለት ምድብ በተከታታይ ከጫነ በኋላ ሦስተኛውን መጠበቅ የለበትም። አዘጋጆቹ ይህን ያውቃሉ፤ የሚያንሳቸው ሰው ነው። ሰው ካነሰ ደግሞ ምዝገባው ይቀነሳል፣ ወይም ውድድሩ ይሰረዛል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ የተናገሩት ለዚህ አዳራሽ ይመስለናል።

እህቶቻችን «ይህ የወንዶች ሥራ ነው» እንዳትሉ። በእርግጥ ሴት ጫኚዎችና ጠባቂዎች አሉ፤ ከሁሉ በላይ የሴት እጥረት የሚታየው ግን በሚዛን ክፍል ነው። ሚዛን የሚጀምረው ከውድድሩ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ሲሆን አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። በሩ ይዘጋል፤ ሴት ተወዳዳሪዎችን የሚመዝኑት ሴቶች ብቻ ናቸው። በቂ ሴት ዳኛ ከሌለ ደንቡ ዳኛ ያልሆነች ሴትም ለዚህ እንድትመደብ ይፈቅዳል። ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወዳደር የ15 ዓመት ልጅ ወደዚያ ክፍል ስትገባ ፈገግ ብላ የምትቀበላት እህት መኖሯ ትንሽ ነገር አይደለም። የልብስንም ነገር ካነሣን፣ በእኅት ስፖርቱ፣ በኦሎምፒኩ ክብደት ማንሳት፣ አሜሪካዊቷ ኩልሱም አብደላ ሰውነቷን ሸፍና ለመወዳደር ባቀረበችው ጥያቄ ምክንያት ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2011 ደንቡን እንዳሻሻለ ታስታውሱ ይሆናል። በር የሚከፈተው አንዷ በመጠየቋ፣ ሌሎችም ጥያቄዋን በመስማታቸው ነው።

ስለ አዳራሹ መንፈስ ጥቂት እንበል። የሚወዳደሩት ከ14 ዓመት ታዳጊ ጀምሮ ከ70 ዓመት በላይ እስከሆኑ አንጋፋዎች ነው፤ ሁሉም በአንድ መድረክ፣ በአንድ ብረት። ከፍተኛው ጩኸት ለአሸናፊው የሚሰጥ ይመስላችኋል? አይደለም። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ከወጣቶቹ መነሻ ባነሰ ክብደት ዴድሊፍት ሲያደርጉ አዳራሹ በሙሉ ሲነሣላቸው አይተናል። ቀበቶው የተበጠሰበትን ሰው ተፎካካሪው የራሱን ፈትቶ ሲያስታጥቀው አይተናል፤ በዚያው ቀበቶ ታጥቆም አሸነፈው። ምናልባት ይህ የሚሆነው ትግሉ ከሌላው ሰው ጋር ሳይሆን ከብረቱ ጋር ስለሆነ ይሆናል፤ ብረቱ ደግሞ ለማንም አያደላም።

ከክልል ውድድር ወጣ ብለን አንድ ሰው እናስታውስ። ኢራናዊው ሲያማንድ ራህማን በ2016 በሪዮ ፓራሊምፒክ 310 ኪሎ በቤንች ፕሬስ አንሥቷል፤ በፓራ ፓወርሊፍቲንግ ታሪክ 300 ኪሎን የተሻገረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበር። በ2020 ገና በ31 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ስሙን ብዙዎች ያውቁታል። ያንን ብረት የጫኑለትን፣ በግራና በቀኝ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው የጠበቁትን ሰዎች ስም ግን እኛም አናውቅም፤ እነርሱም እንዲታወቅላቸው አልጠየቁም።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ። በክልላችን ለሚካሄደው ለሚቀጥለው ውድድር ከእናንተ የምንፈልገው ለመድረኩ አሥር ሰው ነው፤ አምስቱ ሲሠሩ አምስቱ እንዲያርፉ። ለሚዛን ክፍል ሁለት እህቶች፣ ለሒሳብ ጠረጴዛው ጽሑፉ የሚነበብ አንድ ሰው፣ በሩ ላይ እንግዳ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ጡንቻ አንጠይቅም። ሁለት ሰው ተጋግዞ የማያነሣው ዲስክ የለም፤ የምንጠይቀው ትኩረትና ሰዓት ማክበር ነው። ለመጠበቅ የሚሰለፉት ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት ልምምድ ይወስዳሉ፤ ልምምዱን ያልወሰደ ከብረቱ ሥር አይቆምም፣ በዚህ ላይ ድርድር የለንም። ጣት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ቤት ይቅሩ። ምሳ እኛ እናቀርባለን፣ የሚጠጣ ውኃም አይጠፋም።

የመመዝገቢያው ወረቀት በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስማችሁንና የምትመርጡትን ሥራ ጻፉልን። ሚዛን ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት በፊት አዳራሹ ደጃፍ ላይ እንጠብቃችኋለን።