ከቆርቆሮው ሥር፦ በኪራሙ የአባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው ስለ ጣሪያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቁጠባችን አበድረን የሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ ያስቀየርናቸው፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው እናታችን ባለፈው መጋቢት «ቤቴን ምጣድ አደረጋችሁት» አሉን። ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም፤ አራሷን ልጃቸውንና ሕፃኑን ቀን ቀን ዛፍ ሥር ነበር የሚያውሏቸው።

ቴርሞሜትር ተውሰን ሄድን። እኩለ ቀን ላይ በእሳቸው ቤትና በጎረቤታቸው ሣር ቤት ግድግዳ ላይ ብንሰቅለው፣ የሁለቱ ቁጥር ብዙም አልተራራቀም። አጋነኑ ብለን ልንመለስ ስንል፣ አስተማሪ የሆነች አባላችን «እስቲ አናታችሁን ጠይቁ» አለች። እውነትም አናታችን ይነድ ነበር። ለካ ቴርሞሜትሩ የሚነግረን የአየሩን ነው። የጋለ ቆርቆሮ ግን አየሩ እስኪሞቅ አይጠብቅም፤ ፍም ፊት እንደሚለበልብ በጨረሩ ከላይ ይለበልባል። ስለዚህ ባዶ የቲማቲም ጣሳ በጥላሸት አጥቁረን ቴርሞሜትሩን ውስጡ ከተትንና በተቀመጠ ሰው ራስ ልክ አንጠለጠልነው። ልዩነቱ ያኔ ወጣ።

ምጣድ ማለታቸውም ቀልድ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ሲል እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ገደማ የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። በ20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20,000 ዋት መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ እንግዲህ አስሉት። ሣር በውስጡ በያዘው አየር ሙቀቱን ያግዳል። ስስ ብረት ወዲያው ያሳልፋል፣ ሲዝግ ደግሞ ይብስበታል።

መጀመሪያ ጣሪያውን ኖራ ቀባነው። የጣሳው ሙቀት ወረደ፣ ደስ አለን፤ ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ አጠበው። ቀጥሎ የማዳበሪያ ከረጢት አጥበን፣ ሰፍተን፣ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገን ኮርኒስ ወጠርን፤ የሞቀው አየር እንዲወጣም በሁለቱ ጫፍ ክፍተት ተውን። ይህኛው ከረመ። ታዲያ ማድ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፤ ከረጢቱ እሳት ይይዛል።

ለቆርቆሮ ስናበድር ከሥሩ የሚቀመጠውን ሰው አላሰብንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ደጋፊዎቻችንንም የምንለምነው ተጨማሪ ቆርቆሮ አይደለም፤ የኮርኒስ ማገርና ሚስማር ነው። ከረጢቱን እኛ እናዋጣለን። ከእንግዲህ የቆርቆሮ ብድር ያለ ኮርኒስ እንዳይሰጥ ሐሳብ አቅርበናል፤ ከቡናው በፊት እጅ አውጥታችሁ ወስኑልን። የመጀመሪያው ኮርኒስ የሚሠራው አራስ ላለበት ቤት ነው።