ዕጣኑ፣ ዘይቱና ውሻችን

መተማ የዕጣን አገር ናት። በበጋ የዛፉ ቅርፊት ይፋቃል፤ ነጩ ሙጫ ጠብ ጠብ ብሎ ይደርቅና ይለቀማል። ይኸው ሙጫ በእንፋሎት ሲነጠር ኃይለኛ ዘይት ይወጣዋል። የባሕር ዛፍ ዘይትም የሚገኘው እንዲሁ በመነጠር ነው።

ሰሊጥ ማሳ ስትጠብቅ የዋለች ውሻ ማታ ስትመለስ ጆሮዋ ሥር መዥገሩ እንደ ማሽላ ፍሬ ተጣብቆ ይታያል። ያሳዝናል። ታዲያ «የተክል ዘይት ምን ይጎዳል?» ብሎ መዥገሩን ለማስለቀቅ እንዲህ ያለውን ዘይት የሚያፈስባት ሰው አለ። ይጎዳል እንጂ! ከብዙ ቅጠል የሚወጣው ዘይት ጥቂት ጠብታ ነው፤ ኃይሉም እዚያች ጠብታ ውስጥ ይከማቻል። በቆዳዋ ይሰርጋል፤ ፀጉሯን ስትልስም ትውጠዋለች። በተለይ «ቲ ትሪ» የሚባለው ዘይት ሳይቀጥን ከተቀባ ውሻዋን ያዝላል፣ ያንገዳግዳል፣ ያንቀጠቅጣል። ለሃጭ ማዝረብረብና ማስመለስም ምልክቶች ናቸው።

ይህን ካያችሁ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቧት። እንድታስመልስ አታስገድዷት። የዘይቱን ጠርሙስ ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

ለቡና ዕጣን ስታጨሱስ? የውሻ አፍንጫ ከእኛ እጅግ የላቀ ስለሆነ ጭሱ ይከብዳታል። በሩን ክፈቱላት፣ መውጣት ከፈለገች ትውጣ።

ለመዥገሩ የሚሆነውን መድኃኒትና መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ዘይቱን ግን እባካችሁ ውሻ ላይ አታፍስሱ።