ስለ ቢሾፍቱና ስለ ሐይቆቿ የተደረገ ንግግር



አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትምና፥ የሌላ አገር ሰው ዕረፍት ሲሻ ወደ ባሕር እንደሚወርድ ሁሉ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳል። ከቦሌ ተነሥቶ በአቃቂና በዱከም ለሚያልፍ ሰው መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰንበት ቀን የመኪናውን ብዛት ያየ፥ ከተማው እኩሌታው የተሰደደ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ውሃ ከወዴት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስሙ ራሱ ይናገራል። በኦሮምኛ «ቢሻን» ውሃ ነውና፥ ቢሾፍቱ ማለት ውሃ የሞላበት ስፍራ እንደ ማለት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በወንጌሉ ተራራ ስም ደብረ ዘይት ተባለች፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ግን የቀደመው ስሟ ተመለሰ። እኔ በቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ስለ ሆንሁ ሁለተኛው ስም ለጆሮዬ ይጣፍጣል፤ ስለ ምድሪቱ የሚያስረዳው ግን ፊተኛው ነው።

በጥንት ዘመን ከምድር በታች የቀለጠው ድንጋይ ውሃ በነካ ጊዜ፥ ውሃው ባንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ መሬቱን ፈንቅሎ ወደ ላይ በተነው። ክዳኑ የታፈነ ድስት እንደሚፈነዳ ማለት ነው። የቀረውም ጉድጓድ ውሃ ሞላበት። የቢሾፍቱ ሐይቅ፥ ሆራና ባቦጋያ እንዲህ የተፈጠሩ ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። አረንጓዴ ሐይቅ የሚባለውም ስሙን ያገኘው ስፒሩሊና ከምትባል በዓይን ከማትታይ ደቂቅ ፍጥረት ነው፤ እጅግ በዝታ ውሃውን ታለመልመዋለች።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ በቢሾፍቱ ስለሚያልፍ፥ ከተማይቱ ለዋና ከተማው ሰው ቀረበች። ንጉሠ ነገሥቱም በሐይቁ አፋፍ ላይ ቤት አሠርተው፥ ከ1928 እስከ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት በተቀመጡበት ቤት ስም ፌርፊልድ አሉት። የመከራ ዘመን ቤት ስም ለዕረፍት ቤት መሰጠቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሆራ ግን ከእንግዳ መዝናኛነቱ አስቀድሞ የኦሮሞ ሕዝብ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ለኢሬቻ የሚሰበሰብበት ውሃ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ በተተኮሰ ጊዜ፥ ሕዝቡ ሲሸሽ ተረጋግጦና ገደል ገብቶ ብዙ ሰው አለቀ። የከተማይቱን ታሪክ የሚያስተምር ይህን ሊዘልለው አይገባም።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ከእነዚህ ሐይቆች የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝናብ ከአፋፉ አጥቦ ያወረደው፥ ከሆቴሉና ከእርሻው የፈሰሰው ሁሉ እዚያው ይከማቻል፤ የሚጠርገው ጎርፍ፥ የሚወስደው ጅረት የለውም። ልጆች ይህን በቃል ከሚሰሙት በእግራቸው ቢያገኙት ይሻላልና፥ መምህሩ ወደ አፋፉ አውጥቶ የውሃውን መውጫ እንዲፈልጉ ይዘዛቸው። ዳርቻው ብዙው በአጥር ስለ ተያዘ ግን፥ የሚያልፉበትን በር አስቀድሞ ይጠይቅ።