የከብትና የዱር እንስሳት የግጦሽ ሽሚያ በሒሳብ ስሌት



የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አካባቢ ገበሬ የወል ግጦሹ ስንት ከብት እንደሚችል ያለ ወረቀት ያውቃል። የሒሳብ ሊቃውንቱ ሎትካና ቮልቴራ ተመሳሳዩን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1925 እና በ1926 በየፊናቸው በቀመር ጽፈውታል። ቀመሩ መስኩ የሚችለውን የመንጋ ብዛት፣ መንጋው የሚራባበትን ፍጥነት፣ እንዲሁም አንዱ ተሻሚ ከሌላው ድርሻ የሚወስደውን መጠን ይጠይቃል። ለመለካት የሚያዳግተው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ጊዜ በግምት የሚታለፈውም እርሱ ነው።

በምዕራብ ጎጃም የበሬውን ግጦሽ የሚሻማው ራሱ የሚስበው ማረሻ ነው። ከብትና የዱር እንስሳ በአንድ መስክ ሲሻሙ ለማየት ግን ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መሻገር ያስፈልጋል። በዚያ የጭላዳ ዋነኛ ምግብ ሣር ነው፤ ከብትና በግም የሚፈልጉት ያንኑ ነው። በበጋ ገበሬው ለበሬው ገለባ ያቀርብለታል፤ ጭላዳው ግን የሣር ሥር ቆፍሮ ይበላል እንጂ የሚደርስለት የለም። ሁለቱንም በመስኩ ላይ ብቻ ጥገኛ አድርጎ የሚያሰላ ቀመር እንግዲህ በድርቅ ዘመን ያሳስታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው ፓርክም በ2017 ከመዝገቡ ወጥቷል። በፓርኩ ስሌት የመንደሩ ከብት ተሰረዘ ማለት ነው። የሰፋሪው ላምና በሬ ግን የሚውሉበት መስክ ያሻቸዋል፤ ያ መስክ በዝናብ ዓመትና በድርቅ ዓመት የሚችለው መጠን ሰፋሪው ከመነሣቱ በፊት ለየብቻ ሊለካ ይገባል።