የአገር ዕዳ ለነፍስ ወከፍ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



መንግሥታችን በ2007 ዓ.ም. ቦንድ ሸጦ 1 ቢሊዮን ዶላር ከውጭ ተበደረ። ያን ጊዜ 100 ሚሊዮን ገደማ ለነበረው ሕዝብ ሲካፈል ለነፍስ ወከፍ 10 ዶላር ይደርሳል፤ በዘመኑ ምንዛሪ 200 ብር ያህል ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ብዙም ሳይቆይ አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ያው 10 ዶላር ከ1,000 ብር በላይ ሆነ። አምስት ነፍስ ያለው የደብረ ወርቅ ገበሬ፣ አዲስ ብድር ሳይጨመርበት፣ የቤቱ ድርሻ ከ1,000 ወደ 5,000 ብር ወጣበት ማለት ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ለርስቱ ሠግቶ ተነሣ። በቅጡ ያልተነገረ ሒሳብ ያሠጋል። እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ፣ ቢሊዮኑን ትተን ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰውን በብር ቆጥረን እናስረዳ። ከፋዩ ዕዳውን ሊያውቅ ይገባዋል።